ባቄላ የተባለችው ላንድሮቨር

በሽር መኪና ቀቢ ነበር። ግቢው ከደብረ ማርቆስ ገበያ ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ በተሰለፈበት ቀጭን መንገድ ዳር ነው። ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ፣ አንድ አርመን ጋራዥ ውስጥ ነበር። የቀለም መርጫውን ሲይዝ እጁ ቀጥ ይላል፤ እሱ የቀባው በር ላይ ሰው ፊቱን አይቶ ኮፍያውን ማስተካከል ይችላል ይባልለት ነበር።

አንድ ነገር ግን ይጎድለው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ አረንጓዴና ቡናማ ይመሳሰሉበታል። ደብዘዝ ያለ ቀይም ከሁለቱ ጋር ይምታታበታል። ስለዚህ በዚያ ግቢ ቀለም የምትቀላቅለው ሚስቱ ሀጀራ ነበረች።

ሀጀራ የደምበጫ ልጅ ናት። አባቷ ለሸማኔዎች የጥለት ክር እየነከረ ይሸጥ ስለነበር ያደገችው በቀለም ማሰሮ መካከል ነው። ሴቶች የአሮጌ ቀሚስ ቁራጭ ይዘው መጥተው «ይህን የሚመስል ክር ፈልጉልኝ» ሲሉ፣ ቁራጩን ወደ ጥላ ወስዳ፣ አገላብጣ አይታ፣ የሚገጥመውን የምታወጣው እሷ ነበረች። ስታገባ ያ ዓይን ወደ መኪና ዞረ። በሽር ቤት ውስጥ «እኔ እጅ ነኝ፣ አንቺ ዓይን ነሽ» ይላታል። ደንበኛ ፊት ግን ነገሩ ተነስቶ አያውቅም። ደንበኛው ቀለሙን አድንቆ የሚያመሰግነው በሽርን ነው። ሀጀራ ከጓዳው በር ሆና ትሰማና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲቆም፣ ምንይችል የሚባል የሉማሜ ነጋዴ አሮጌ ላንድሮቨሩን ይዞ መጣ። ምንይችል የእህል ወፍጮ ያለው፣ ሲናገር ሰው ሁሉ እንዲሰማው የሚፈልግ፣ ደረቱን የነፋ ሰው ነበር። ልጁን ሊድር ነው።

«እንደ በርበሬ ቀይ አድርግልኝ» አለው በሽርን። «ሙሽሪት ከሉማሜ ስትወጣ ከሩቅ ነው መታየት ያለባት።»

«ቀይ ይሆናል፤ ግን አሮጌው ቀለም ተላልጧል። እሱን ካልጠረግሁት አዲሱ አይይዝም።»

«እንዳሻህ ጥረገው። እኔ የምፈልገው ቀይ ነው።»

መኪናዋ ብዙ እጅ ቀይራለች። ከላይ ነጭ ናት፤ በነጩ ስንጥቅ ሰማያዊ ይታያል፤ ከሰማያዊው በታች ደግሞ ቡና ዓይነት ነገር አለ። በሽር ብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ እየነከረ የግራውን በር ይፍቅ ጀመር። ከሁሉም በታች የሚያገኘውን ያውቀዋል፤ ሀጀራ ደጋግማ ነግራዋለች። ላንድሮቨር የተባለ ሁሉ ስሩ እንደ ወይራ ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ አልፎ አልፎ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ይገኛል።

ሀጀራ ውሃ ልትጨምርለት መጥታ በሩን አየችና ባልዲውን አስቀመጠች።

«እስቲ እጅህን አንሳ።»

«ምነው?»

«ይኼ ከስር የወጣው ሌላ ነው።»

«አረንጓዴ አይደለም እንዴ?»

«አረንጓዴስ አረንጓዴ ነው። ግን ነጣ ያለ፣ አመድ ቢጤ የነካው። እንዲህ ያለ ላንድሮቨር እዚህ ግቢ ገብቶ አያውቅም።»

በሽር ለእሱ ሁሉም አንድ ሆኖ ስለታየው አልተከራከረም። ግን ቀቢ ነውና ሌላ ነገር አሰበ። «ምናልባት ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ አንዱ ቀብቷት ይሆናል» አለ። «እሱን ማወቅ ቀላል ነው። ፋብሪካ የሚቀባው ሳይገጣጥም ነው፤ እንደኛ ያለ ቀቢ ደግሞ ከተገጠመ በኋላ በላዩ ይቀባል። የበሩን ማጠፊያ እፈታዋለሁ። ከማጠፊያው ስር ይህ ቀለም ካለ የፋብሪካ ነው፤ ከሌለ የሰው ነው።»

ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር ዘይት ጠጥተው፣ ተደብድበው፣ በመከራ ተፈቱ። ማጠፊያው ሲነሳ ከስሩ ቀለሙ ምንም ሳይነካው ቁጭ ብሏል። ሀጀራ በጥፍሯ ጫፍ ቧጠጠችው፤ ከእሱ በታች አሉሚኒየሙ ብቻ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው የተገጠመበትን ክሩስኮቶ ፈትተው ከጀርባው አዩ፤ እዚያም ያው ነው። መኪናዋ ስትወለድ የለበሰችው ቀለም ይኸው ነው።

«ቀዩን ለመቀባት አትቸኩል» አለች ሀጀራ። «እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ ሰው ይጠየቅበታል።»

የሚጠየቅ ሰው ሩቅ አልነበረም። በግቢው በር ፊት በየቀኑ የሚያልፉ ታረቀ የሚባሉ ጡረተኛ ሹፌር ነበሩ። የጤና ጥበቃ መኪና ሲነዱ ኖረው ወገባቸው ሲያስቸግራቸው ሥራ ያቆሙ፣ ቀጠን ያሉ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። በሽር ጠራቸው። ታረቀ ገብተው የተፋቀውን በር ሲያዩ ምርኩዛቸውን በሁለት እጅ ያዙ።

«ይህችን መኪና ከየት አመጣችኋት?» አሉ።

«የሉማሜው ምንይችል ናት። እሱም ከሌላ ሰው ነው የገዛት። ያውቋታል እንዴ?»

ታረቀ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡና ታሪኩን ነገሯቸው።

ንዳድ የሚሉት ወባ ደጋውን በያዘበት ዓመት፣ እሳቸውና ኃይለ ሚካኤል የሚባል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ መድኃኒት በላንድሮቨር ጭነው ወደ ደብረ ወርቅ አካባቢ ተልከው ነበር። መንገድ የሚባል የለም፤ የበቅሎ ዱካ ነው። ሰዉ ድንጋይ እየለቀመ፣ ገደሉ ላይ በጠፍር እየጎተተ መኪናዋን አወጣት። ከዚያ በኋላ መንደር ለመንደር ሲዞሩ ከረሙ።

«ግን መጀመሪያ ገበሬው መኪና ሲያይ ይሸሽ ነበር» አሉ ታረቀ። «በጥቁር አረንጓዴ መኪና የሚመጣው ለግብር ነው ብሎ ቤቱን ዘግቶ ጫካ ይገባል። በሽተኛውንም ይዞት ይገባል። የኛዋ ግን አገር ውስጥ መጀመሪያ ከገቡት ጥቂት ላንድሮቨሮች አንዷ ነበረች፤ ቀለሟ ለብቻው ነው። አንድ ቀን ሰዉ ‹ይህችኛዋ የባቄላ ቅጠል የመሰለችው የመድኃኒቷ ናት› አለ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ባቄላ ሆነ። ከሩቅ ሲያዩዋት ይሸሹ የነበሩት በሽተኛቸውን ተሸክመው መንገድ ዳር ይጠብቁን ጀመር። ቀለሟ ነው ሰው ያተረፈው ብል አልዋሸሁም።»

«ድሬሰሩስ?» አለች ሀጀራ።

«ኃይለ ሚካኤልን እዚያው ንዳዱ ያዘው። መድኃኒቱን ለሰው እየሰጠ ለራሱ ቸል አለ። ከኋላ ወንበሯ ላይ ተኝቶ እያመጣሁት ሞተ። መኪናዋን ኋላ በሐራጅ ሸጧት። ስፈልጋት ኖርኩ።»

ሀጀራ ወደ በሩ ወስዳ፣ ማጠፊያው የተነሳበትን ቦታ አሳየቻቸው። ፀሐይና ዝናብ አግኝቶት የማያውቀውን፣ ያልተነካውን ቀለም። ታረቀ ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና አሉ።

«አይደለችም» አሉ።

«እንዴት?»

«ዋናው ቀለሟ ይህ ከሆነ ይጠቁራል። በሩ የነጣው ስለተፋቀ ይሆናል። የኔዋ ከዚህ የነጣች ነበረች። ዓይኔ ሸምግሏል እንጂ ያችን አልረሳትም። ሌላ እህቷ ትሆናለች።» ምርኩዛቸውን አንስተው «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ» ብለው ወጡ። አረማመዳቸው ከገቡበት የባሰ ነበር።

ነገሩ ቀኑን ሙሉ ከሀጀራ አእምሮ አልወጣም። ወደ ማታ ገደማ ከከተማው ጠርዝ ካለ ማሳ ድረስ ሄዳ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳ አንድ የባቄላ እንጨት ነቅላ መጣች። ቅጠሉን ከማጠፊያው ስር ካለው ቀለም ጎን አስቀመጠችው። የቅጠሉ ፊት ከቀለሙ ጋር ይቀራረባል። ገለበጠችው። ጀርባው ነጣ፣ አመድማ ሆነ። ታረቀ የሚሉት ይህን ነው።

ያን ጊዜ የአባቷ ክር ትዝ አላት። ከአንድ ማሰሮ ወጥቶ ግማሹ በጆንያ ይቀመጣል፣ ግማሹ ገበያ ላይ ይሰቀላል። የተሰቀለው ጥቂት ገበያ እንዳሳለፈ ፀሐይ አንጥቶት ከወንድሙ ጋር አይተዋወቅም። ሽማግሌው መኪናዋን የሚያውቋት ፀሐይ ለብሳ ነው። ማጠፊያው ስር ያለው ደግሞ ፀሐይ አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ታረቀ ቤት ሄደች። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያኔ በመኪናዋ አካል ላይ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ነበር? ሁልጊዜ የሚሸፈን ነገር?»

«የሚሸፈን?» ታረቀ ጥቂት አሰቡ። «ተቀያሪው ጎማ አለ። ከሞተሩ ክዳን፣ ከኮፋኖዋ ላይ ነበር የሚታሰረው።»

«ጎማውን ሲያነሱትስ ከስሩ ምን ይመስል ነበር?»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ቀና አሉ። ከዚያ በእጃቸው አየሩ ላይ ክብ ሠሩ። «ደመቅ ያለ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እንደ ሰፌድ ክብ ሆኖ። ኃይለ ሚካኤል እንዲያውም ‹ባቄላ እምብርት አላት› ብሎ ይስቅ ነበር። በአንድ በኩል ደግሞ ክቡ ይጎድላል፤ ጎማው ላይ ሁልጊዜ የገመድ ጥቅል ስለማስር ገመዱ ሲወርድና ሲወጣ ፍቆታል።»

«እንግዲያው ይነሱ፣ እንሂድ» አለች ሀጀራ።

አሁን መኪናዋ ኮፋኖ ላይ ጎማ የለም። የማሰሪያው ቀዳዳዎች በስቱኮ ተደፍነው ነጭ ተቀብተዋል። በሽር ሊፍቅ ሲል ሀጀራ ያዘችው። «በሻካራው አይሆንም። በደቃቁ፣ በብዙ ውሃ። ቡናማው እንዳለቀ ንገረኝ ብልህ አትለየውም፤ ስለዚህ እኔ ቁም ስልህ ቁም።» በሽር ሳቀ፤ እጁን ግን እንደነገረችው አለዘበው።

ነጩ ሄደ። ሰማያዊው ሄደ። ቡናማው እየሳሳ ሳለ ከመንገዱ የምንይችል ድምፅ ተሰማ። መኪናውን ሊወስድ የተቀጠረበት ቀን ነበር። ሁለት የሉማሜ ዘመዶቹን አስከትሏል። የሰፈሩ ሰውም ታረቀ ሲፈጥኑ አይቶ ነገሩ ምን እንደሆነ ሊያይ ገብቷል።

ምንይችል መኪናውን ሲያይ ቆመ። «በሽር፣ ቀዩ የታል?»

«አቶ ምንይችል፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ሠርጉ ደርሷል። እኔ መኪና አምጥቼ አንተ እንደ ሽንኩርት ስትልጣት ልታገስ? ማን ፈቀደልህ?»

«ጥረገው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የቀረው ትንሽ ነው። ካዩት በኋላ የፈለጉትን ይበሉኝ።»

ምንይችል ሊመልስ ሲል ሀጀራ «ቁም» አለች። የተናገረችው ለባልዋ ነው፤ ምንይችልም ግን ዝም አለ። በሽር ወረቀቱን አነሳ። ሀጀራ ኮፋኖው ላይ ውሃ አፈሰሰችና በጨርቅ ጠረገችው።

ዳር ዳሩ ነጣ ብሎ፣ አመድ የነካው አረንጓዴ ነው። መካከሉ ላይ ግን ደመቅ ያለ ክብ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በስተቀኝ በኩል ክቡ እንደተገመጠ ቂጣ ጎድሏል፤ እዚያ ላይ ቀለሙ እስከ አሉሚኒየሙ ድረስ ታሽቷል።

ታረቀ ወደ ፊት ተራምደው መዳፋቸውን የጎደለው ቦታ ላይ አሳረፉ። እጃቸው እዚያው ቆየ። የሰፈሩ ሰው ነገሩን ገና ባያውቅም ሽማግሌው ኮፍያቸውን ሲያወልቁ አብሮ አወለቀ።

«ይህች ናት» አሉ በመጨረሻ። «ይህ የገመዴ ነው።» ከዚያ ወደ ምንይችል ዞሩ። «ልጄ፣ የምትነዳትን መኪና ታውቃታለህ?»

ምንይችል አያውቅም ነበር። ታረቀ ነገሩት። ስለ ንዳዱ፣ ስለ ጠፍሩ፣ መንገድ ዳር ስለጠበቋቸው ሰዎች፣ ስለ ኃይለ ሚካኤል። ከምንይችል ዘመዶች አንዱ ጣልቃ ገብቶ «ባቄላ? የእናቴ ወገኖች የሚያወሯት ባቄላ?» አለ። «እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር።»

ምንይችል መኪናውን ዞረ። አንድ ጊዜ ዞሮ እንደገና ዞረ። ወፍጮ ቤት ጤፍ ስታመላልስ፣ ዶሮ ስትሰፍርባት የኖረች መኪና ናት። ሰው ሁሉ ግን አሁን እሷን እያየ ነው፤ ቀጥሎም እሱን። ደረቱ እየተነፋ መጣ።

«በርበሬማ ማንም ይቀባል» አለ። «በሉማሜ ስንት ቀይ መኪና ያልፋል። ባቄላ ግን ያለችው እኔ ቤት ብቻ ነው። በሽር፣ ይህን ቀለም ራሱን አድርገህ ልትቀላቅለው ትችላለህ?»

በሽር እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሀጀራ ልማዷ ስለሆነ ወደ ጓዳው ፈቀቅ ብላ ነበር።

«እኔ አልችልም» አለ በሽር።

«እንዴት አትችልም? ቀለም ላይ የጎጃም አንደኛ እየተባልክ?»

«ተሳስተዋል ነው የምለው። እኔ አረንጓዴና ቡናማ አልለይም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ። እኔ የምረጨው ነው እንጂ ከዚህ ግቢ የወጣው ቀለም ሁሉ የሀጀራ ነው። የአገረ ገዥውን መኪና ሰማያዊ ያደነቃችሁት፣ የአውቶቡሱን ቢጫ፣ ሁሉንም የቀላቀለችው እሷ ናት። ይህችንም ከሦስት ቀለም በታች ያወቀቻት እሷ ናት። እንድትቀላቅል የምትጠየቀው እሷ ናት።»

ሰዉ ወደ ጓዳው በር ዞረ። ሀጀራ እጇ ላይ ትናንት ያመጣችውን የባቄላ ቅጠል ይዛ ቆማ ነበር፤ የት እንደምታደርገው ጠፋት። በሽርን አየችው። በሽር አንገቱን ቀና አድርጎ ቆሟል፤ እሱ ራሱ የተመሰገነ ነው የሚመስለው።

ምንይችል ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ወይዘሮ ሀጀራ» አለ፤ ከዚያ ቀን በፊት በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ይቻላል?»

«ይቻላል» አለች። «ግን አንድ ነገር አለኝ። አካሏን ማጠፊያው ስር እንዳለው፣ ከፋብሪካ እንደወጣችበት አድርጌ እቀላቅላለሁ። ኮፋኖው ላይ ያለው ግን አይነካም። ዘይት ቀብተን እናልፈዋለን።»

«ሙሽሪት በተዥጎረጎረ ኮፋኖ? የሙሽራው ወገን አይስቅብኝም?»

«የሚስቅ ካለ ወደኔ ስደደው» አሉ ታረቀ።

ሀጀራ ቀለሙን ለመያዝ ደከመች። መጀመሪያ የቀላቀለችው ሲደርቅ ሰማያዊ በዛበት። ሁለተኛው ቢጫ አየለበት። እርጥብ ቀለምና ደረቅ ቀለም እንደማይመሳሰሉ ታውቃለችና እያንዳንዱን በቆርቆሮ ቁራጭ እየቀባች፣ እያደረቀች፣ ከማጠፊያው ቦታ ጎን በጥላ እያስቀመጠች አየችው። ጥቂት ጥቁር ጨምራ፣ ኦክራ ከሚባለው ቢጫ ዱቄትም ነካ አድርጋ፣ በአኳራጅ አቅጥና እንደገና ቀባች። አንዱን ቁራጭ ማጠፊያው ቦታ ላይ ስታስጠጋው ድንበሩ ጠፋ። በሽርን ጠራችው። እሱ እንኳ ልዩነት ይኑረው አይኑረው ባያውቅም ፊቷን አይቶ አወቀ፤ መርጫውን ሊያጥብ ሄደ።

ሠርጉ አምሮ አለፈ። ስለ ኮፋኖው የሳቀ አልነበረም፤ ይልቁንም የሙሽራው አባት ክቡን በጣቱ እየዞረ ታሪኩን ደግሞ ደጋግሞ እንዲነግረው ምንይችልን ያስቸግረው ነበር። ምንይችልም መንገር አልሰለቸውም።

ለኅዳር ጽዮን ማርያም ምንይችል የመኪናውን ቁልፍ ለታረቀ ሰጣቸው። «ወገብዎ ከቻለ ደብረ ወርቅ ድረስ እርስዎ ይንዷት» አላቸው። ታረቀ «ይችላል» አሉ፤ ከዚያ «ሀጀራና በሽር ካልመጡ ግን አልነዳም» አሉ።

ሄዱ። ሀጀራ ቀለም የቀላቀለችላቸው መኪኖች ብዙ ናቸው፤ በአንዱም ግን ከፊት ወንበር ተቀምጣ አታውቅም። ምንይችልና በሽር ከኋላ ተቀምጠው አቧራ ጠጡ። ታረቀ መሪውን እንደያዙ ወገባቸውን ረሱት። እዚህ ጋ ጎማ ፈነዳ፣ እዚያ ጋ ኃይለ ሚካኤል ወርዶ ድንጋይ ደገፈ እያሉ ያሳዩዋት ነበር። ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው አልተሰበረም።

ደብረ ወርቅ አፋፍ ሲደርሱ ለበዓሉ የሚሄደው ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር። ወጣቶቹ መኪና አይተው ዳር ያዙ። አንዲት ዕድሜ የጠገቡ መነኩሲት ግን መንገዱ መካከል ቆመው ቀሩ። ታረቀ አቆሙ። መነኩሲቷ እማሆይ ወለተ ሰንበት ይባላሉ። ወደ መኪናዋ ተጠግተው ያልተቀባውን አሮጌ ኮፋኖ በመዳፋቸው ዳሰሱና ወደ ውስጥ አዩ።

«ባቄላ ናት» አሉ። ከኋላቸው ላሉት ሴቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ኑ፣ ባቄላ መጥታለች» አሉ።

ሴቶቹ ከበቧት። ያን ዓመት የነበሩ ያስታውሳሉ፤ ያልነበሩ ይጠይቃሉ። አንዷ ‹እኔን በዚህች ነው ያወጡኝ› ትላለች፣ ሌላዋ ‹ወንድሜን› ትላለች። ታረቀን እጃቸውን ይዘው የሚስሙ ነበሩ። እማሆይ ወለተ ሰንበት ግን ዓይናቸውን ከቀለሙ ላይ አላነሱም።

«ሸጠዋት፣ ሌላ ቀለም ቀብተዋት ጠፋች ሲባል ነበር» አሉ። «ማን መለሳት?»

ታረቀ ወደ ጎናቸው አመለከቱ። «ይህች ናት። ሀጀራ ትባላለች፤ የደምበጫ ልጅ ናት።»

እማሆይ አዩዋት። ሀጀራ ሻሿን አስተካክላ ከመኪናው ወረደች። ያ ሁሉ ሰው ሲያያት አንገቷን ትደፋ ይሆናል ብሎ በሽር ሰግቶ ነበር፤ አልደፋችም።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ እማሆይ።

«አሜን» አለች ሀጀራ። «የረጨው ባሌ ነው፤ ያ ከኋላ ያለው። ቀለሙን ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ።»

ያን ዕለት ከየቤቱ ቆሎና ማር፣ ትኩስ ዳቦም እየመጣላቸው ዋሉ። ሲመለሱ በሽር ከፊት ልቀመጥ ብሎ ሲቀልድባት ሀጀራ አልሰማሁም ብላ ቦታዋን ያዘች። በመንገዱ ዳር ያለው ሰው ወሬው ቀድሞት ደርሶ ኖሮ እየተነሳ ይጠብቃቸዋል፤ ታረቀ ጡሩምባ ይነፋሉ፤ ሀጀራም በመስኮቱ ለዚህም ለዚያም እጇን እያነሳች ፀሐይ ሳትጠልቅ ሉማሜ ገቡ።